በአንድ ተቃውሞ



የሰው አገር የሕግ አውጪዎችን የሥራና የምርጫ ታሪክ ማንበብ የቆየ ልማዴ ነው። ሌላው ሰው ሲመሽ እግር ኳስ ያያል፤ እኔ ደግሞ ለምሳሌ በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ግዛት ምክር ቤት አባል የሆነ አንድ የማላውቀው ሰው በየትኛው ዓመት በስንት ድምፅ እንዳሸነፈ፣ በየትኛው ረቂቅ ላይ እንደደገፈና በየትኛው ላይ እንደተቃወመ አያለሁ። ኒው ሃምፕሸር 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ ግዛት ናት። የታችኛው ምክር ቤቷ ግን 400 አባላት አሉት። የአንዱ አባል ደመወዝ በዓመት 100 ዶላር ነው። ስህተት አይደለም፤ በዓመት መቶ ዶላር! ይህ ለትራንስፖርት የማይበቃ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው እጁን ያወጣበት ቀንና ምክንያት ግን ተመዝግቦ ይቀመጣል። መራጩ በሁለት ዓመቱ ሲመለስ የሚጠይቀው ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ ነው።

ይህን ልማዴን የሚያውቁ አባቴ አንድ ቀን ባልጠበቅሁት ቦታ ያዙኝ። ጊዜው ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነበር። ሸዋ ሮቢት ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በኅዳር፣ የጦርነቱ ግንባር ወደ ደቡብ ሲገፋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ የመንግሥት ጦር መልሶ ያዛት። መንገዱ እንደተከፈተ ከአዲስ አበባ ወረድሁ። ቤታችን ባዶውን ቆሞ አገኘሁት። የውኃ መሳቢያው ሞተር የለም፤ ቴሌቪዥኑ የለም፤ የማሾው ጆንያ የለም። ማን እንደወሰደው ጠይቀን የምናገኘው መልስ ስላልነበረ አልጠየቅንም። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ከሰላምታው ቀጥለው እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ የፈረንጁን ሁሉ ታውቃለህ። ለመሆኑ የእኛ ሰው ማን ነው?»

«የትኛው ሰው አባባ?»

«ባሕር ዳር ስለ እኛ የሚናገረው።»

መልስ አልነበረኝም። የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት ስለ ውክልና ነው። ስለ ውክልና ተማሪዎችን አስተምራለሁ፤ እፈትናለሁ፤ እጥላለሁም። የትውልድ ከተማዬ በክልል ምክር ቤት በማን ስም እንደምትጠራ ግን አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ከተሰማኝ ኀፍረት ተነሥቼ ነው።

ሸዋ ሮቢትን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ለሚያውቋት ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ በጣርማ በር ዋሻ ሾልካችሁ፣ ደብረ ሲናን እየዞራችሁ ትወርዳላችሁ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከካፖርት ወደ ነጠላ የሚያሸጋግር ቁልቁለት ነው። ከታች የምታገኙት ሞቃት ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋው፣ የይፋት ቆላ ነው። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾ፣ በመስኖ ደግሞ ሽንኩርት ይበቅልበታል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው በገበያ ቀን የሚገናኝበት፣ በክፉ ቀን ደግሞ እርስ በርሱ የሚፈራራበት አገር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ እሳቱ ካራ ቆሬንና ሸዋ ሮቢትንም ሲነካ፣ ይህን ፍርሃት አገር ሁሉ አየው። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ግን «ሸዋ ሮቢት» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ማረሚያ ቤቱ ነው። በ1997ቱ ቀውስ የታፈሱ ወጣቶች ከታጎሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ቂሊንጦ ሲቃጠልም እስረኞች ወደዚያው ተጋዙ። እንግዲህ የእኛ ከተማ በፖለቲካችን ውስጥ የምትታወቀው ሰው በምትልክበት ምክር ቤት ሳይሆን ሰው በሚላክባት እስር ቤት ነው።

ምክር ቤቱ ደግሞ ሩቅ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ባሕር ዳር በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ተጉዞ፣ ከዚያ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ተመላልሶ ስለ ሮቢ ወንዝ ውኃ የሚከራከር ሰው ካለ ደመወዙ ከኒው ሃምፕሸሩ ቢበልጥ ቅር አይለኝም።

የሕገ መንግሥቱን ቃል እናስታውስ። በአንቀጽ 50 መሠረት የክልሉ ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። የፌዴራሉን ምክር ቤት አባላት በተመለከተ አንቀጽ 54 እንዲህ ያለ ይዘት አለው፦ አባሉ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። በሰጠው ድምፅ ምክንያት አይከሰስም። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ደግሞ በሕግ መሠረት ከወንበሩ ሊያነሣው ይችላል። ውብ አንቀጽ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መራጩ አመኔታ ያጣው በምን አይቶ ነው? ተወካዩ ምን ላይ እጁን እንዳወጣ የማያውቅ ሕዝብ ምኑን ይዞ ያምናል? ምኑንስ ይዞ ይነሣበታል?

የእኛን ምክር ቤቶች ውሎ በዜና የተከታተለ ሰው የሚያስታውሳቸው ሦስት ሐረጎች አሉ፦ «በሙሉ ድምፅ»፣ «በአብላጫ ድምፅ»፣ «በዚህን ያህል ተቃውሞና በዚህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ»። እጅ ይወጣል፤ ይቆጠራል፤ ይወርዳል። ቁጥሩ ለዜና ይበቃል፤ የእጁ ባለቤት ግን ለመራጩ አይነገርም። ስለዚህ የአንድ ተወካይ የአምስት ዓመት የሥራ ታሪክ ከሌሎቹ ጋር ተጨፍልቆ በ«ሙሉ ድምፅ» ውስጥ ይጠፋል።

በዚህ ሕግ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ ገጥሞን ያውቃል። እሱም አቶ ግርማ ሰይፉ ናቸው።

ነገሩን ከ1997 እንጀምረው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣ በትውልድ ከተማዬ የማስተምር ጎረምሳ ነበርሁ። ሰልፉን ዛሬም አልረሳውም፤ ፀሐዩን የሚያውቅ የቆላ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጥላ ያጣው ደግሞ ነጠላውን ተከናንቦ፣ እስኪመሽ ቆሟል። በይፋ በተነገረው ውጤት ከአማራ ክልል 138 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 88፣ ቅንጅት 50 አገኙ። በክልሉ ምክር ቤት ከ294 መቀመጫዎች 188ቱ ለኢሕአዴግ፣ 106ቱ ለቅንጅት ሆኑ። በአገር ደረጃ ቅንጅት 109 ወንበር ነበረው። በዚያው ክረምት የሥራ ዘመኑ ሊያበቃ የቀረበው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት ተስማምተው ያስይዙት የነበረው አጀንዳ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ እንዲያስፈልገው ሆነ። ተቃዋሚው ገና ሳይገባ በሩ ጠበበ ማለት ነው። የቅንጅት አመራር አልገባም አለ፤ መሪዎቹ በጥቅምት 1998 ታሰሩ። ከተመረጡት ጥቂቶቹ ገቡ፤ የቡግናው ተመራጭ አቶ ልደቱ አያሌው ከነዚህ ይጠቀሳሉ። ከደምቢ ዶሎ በግል የተመረጡት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም በዚያው ዘመን ወንበራቸውን ያዙ።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ሲደርስ ሥዕሉ ተገለበጠ። ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግ 499 ወሰደ፤ አጋሮቹ 46። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ የግል ተወዳዳሪው የዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ በመድረክ ስም የተመረጡት የአንድነት ፓርቲው የአቶ ግርማ ሰይፉ። በክልል ምክር ቤቶች ደግሞ ከ1,904 ወንበሮች 1,903ቱ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። በአማራ ክልል ምክር ቤት ያለፈው ጊዜ 106 የነበረው ቁጥር ዜሮ ሆነ። «ብቻውን የሮጠ አይቀደምም» ይላል የአገሬ ሰው።

እነሆ አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ ተቀመጠ። ምን ሠራ? ሕግ አላስቆመም፤ በአንድ እጅ የሚቆም ሕግ የለም። አጀንዳ ማስያዝም ከአቅሙ በላይ ነበር። የሠራው ጥያቄ መጠየቅና እጁን ማውጣት ነው። አዋጅ ሲጸድቅ ዜናው «በአንድ ተቃውሞ» ይላል። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ፈገግ ብሎ «ግርማ ናቸዋ!» ይል ነበር። እኔም ብያለሁ።

ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የማየው። የአባቴ ጥያቄ ግን እንደገና እንዳስብበት አደረገኝ። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ መራጩ ሕዝብ የድምፅ አሰጣጡን ሊያነብለት የቻለው አባል እሳቸው ነበሩ። ምክንያቱም ቁጥሩ «አንድ» ሲሆን ስም ይሆናል። አምስት መቶ አርባ ምናምን ግን ስም የለውም። አቶ ግርማን የሚጠላም የሚወድም በምን እንደሚጠላቸውና በምን እንደሚወዳቸው ያውቅ ነበር። የሌሎቹን መራጮች ብንጠይቅ ግን ተወካያቸውን ለማመስገንም ሆነ ለመውቀስ የሚያበቃ ነገር በእጃቸው አልነበረም። ይህ በኢሕአዴግ ወንበር ለተቀመጡት ደጋግ ሰዎችም በደል ነው። በኮሚቴ ውስጥ የታገለ፣ ስለ መንደሩ መንገድ የጮኸ አባል ቢኖር እንኳ ልፋቱ «በሙሉ ድምፅ» በሚለው ሐረግ ሥር ተቀብሯል።

የሚነሣ ተቃራኒ ሐሳብ አለ፤ አልደብቀውም። «አንዱ ሰው መግባታቸው 546ቱን አሳመረላቸው፤ ተቃዋሚ አለን እንዲሉ ረዳቸው» የሚሉ ነበሩ። ክርክሩ ክብደት አለው። ግን ወንበሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ የሚጸድቀው ያው ሕግ መሆኑን እንዘነጋለን። ልዩነቱ ዜናው «በሙሉ ድምፅ» ማለቱ ብቻ ነው። ይህንንም ብዙ ሳንቆይ አየነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ በአንድነት ፓርቲ ውስጥ ለተነሣው ሌላ ቡድን ዕውቅና ሰጠ። አቶ ግርማ የነበሩበት አመራር ከፓርቲው ስም ጋር ተለያየ። ግንቦት 16 ቀን 2007 በተደረገው ምርጫ ከ547 ወንበሮች አንዲቱም ለተቃዋሚ አልደረሰችም። ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ በኦሮሚያ፣ በዓመቱም በአማራ ክልል አደባባይ የወጣውን ሕዝብ እናስታውስ። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ተቃውሞ እንኳ ያልነበረበት አገር፣ በመንገዱ ላይ ሊቆጠር የማይችል ተቃውሞ ነበረበት።

የሰውዬው ታሪክ እዚያ አላበቃም። በ2011 ዓ.ም. ኢዜማ ሲመሠረት አብረው ነበሩ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የኢንቨስትመንት ኮሚሽንን እንዲመሩ ተሾሙ። «ያ የአንድ ተቃውሞ ባለቤት ሹመት ተቀበለ» ብለው ያዘኑ ወዳጆች አሉኝ። «ተቃዋሚ ሁሉ በውጭ ይቅር ያለው ማን ነው?» የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር ለመከራከር አልፈልግም። የምለው አንድ ነው፦ ስለ እሳቸው ልንከራከር የቻልነው የተገለጠ ታሪክ ስላላቸው ነው። ስለ እኔ ከተማ ተወካይ ልንከራከር አንችልም።

የተገለጠ ታሪክ መኖሩ ዋጋ እንደሚያስከፍልም አውቃለሁ። የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለና የአማራ ክልል ምክር ቤት አባሉ አቶ ዮሐንስ ቧያለው በ2013ቱ ምርጫ ወንበር አግኝተው ነበር። ሁለቱም በአደባባይ የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ ተያዙ። ያለመከሰስ መብታቸው ወደ መነሣቱ የተደረሰው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። በፖለቲካቸው መስማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ለሚመጣው ተወካይ ትምህርት ነው፤ ትምህርቱም «እጅህን ከብዙኃኑ እጅ መካከል ደብቅ» የሚል ይመስላል።

አሁን ወደ በረንዳው ልመለስ።

አባቴ መልስ እንዳጣሁ ሲያዩ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና አንድ የተቦጫጨቀ ደብተር ይዘው ወጡ። የዱቤ ደብተራቸው መሰለኝ። ቤቱን ያራቆተው ሰው ሞተሩን ተሸክሟል፤ ጆንያውን ተሸክሟል፤ ደብተሩን ግን ማንም አልፈለገውም። አባቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጽሕፈታቸው እንደ ማሽላ ዘለላ ትልልቅ ነው። ገጹን በአራት ከፍለውታል፦ ዘመን፣ የመጣው ሰው፣ ያለው፣ የሆነው።

የመጀመሪያው መስመር 1979 ይላል፤ የብሔራዊ ሸንጎው ምርጫ ነው። ከዚያ 1987። ከዚያ 1992። በ«ያለው» ሥር ድልድይ፣ መብራት፣ የመስኖ ውኃ፣ የሽንኩርት ማቆያ መጋዘን ተጽፏል። በ«የሆነው» ሥር አንዳንዱ «ሆነ» ይላል፤ መብራቱ ለምሳሌ ሆኗል። አንዳንዱ «ግማሽ»። አንዳንዱ ባዶ ነው። በ1997 ሥር ሙሉ ገጽ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው መጥቶ ብዙ ተናግሯልና። በ2002 ሥር «ስብሰባው አጭር ነበር» ይላል። በ2007 ሥር አንዲት መስመር ብቻ አለች። በ2013 ሥር ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎ የቀረው ነጭ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ አካባቢያችን በጸጥታ መደፍረስ ተናውጦ፣ የመራጮች ምዝገባውም ተስተጓጉሎ ነበር።

እኔ ስለ ውክልና ሦስት መቶ ገጽ ጽፌአለሁ። አባቴ በአራት ዓምድ ጨርሰውታል።

ደብተሩን እያገላበጥሁ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህንን ሳልናዘዝ ጽሑፉን ብዘጋ ሐቀኛ አልሆንም። ከ2013ቱ ምርጫ በፊት ሁለት የአገር ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ለክልል ምክር ቤት በግል እንድወዳደር ለምነውኝ ነበር። ሻይ ጋበዝኋቸው። ከዚያም ስለ ምሁር ገለልተኝነት፣ ስለ ትምህርት ነጻነት፣ ስለ ሥራዬ ብዛት አብራራሁላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። አንደኛው ሲወጡ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳኸን» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ነበር። በገለልተኝነት ስም የሸሸሁት ከምን እንደነበር አሁን ይገባኛል። እጄን አውጥቼ መቆጠር ፈርቼ ነበር፤ በ«ሙሉ ድምፅ» ውስጥ የተደበቀውን ተወካይ የምወቅሰው እኔው ራሴ የተደበቅሁት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው።

ምን ይደረግ? ከሕገ መንግሥት ማሻሻያ በፊት ቀላል ነገር አለ። ምክር ቤቶቻችን፣ ከፌዴራሉ እስከ ክልል፣ ድምፅ ሲሰጥ ማን ምን እንዳለ በስም ይመዝግቡ፤ መዝገቡንም ለሕዝብ ያውጡ። ወጪው የአንድ ጸሐፊ ደመወዝ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በሁለት ሺሕዎቹ አጋማሽ ጥቂት ወጣቶች የምክር ቤት አባሎቻቸው የተናገሩትንና ያደረጉትን እየተከታተሉ ለሕዝብ ማሳወቅ ሲጀምሩ የመንግሥት በጀት አልጠበቁም። እኛም እስከዚያው በየቀያችን አራት ዓምድ ያለው ደብተር ከመያዝ የሚከለክለን የለም። ዘመን፣ የመጣው ሰው፣ ያለው፣ የሆነው።

ያን ዕለት ሲመሽ አባቴን «የ2013ቱን ስም አጣርቼ ልሙላልዎት?» አልኋቸው። ብዕሩንም አውጥቼ ነበር። ደብተሩን ከእጄ ወሰዱት።

«እኔ የምጽፈው መጥቶ ያየሁትን ሰው ነው» አሉ። «ካልመጣ፣ እንዳልመጣ ይታወቅ።»

ባዶውን ዓምድ ከነባዶነቱ አጥፈው መልሰው አስቀመጡት። እኔም ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ከደብረ ሲና አንድ ደብተር ገዛሁ።

ቸር ይግጠመን።